ኳሷ አየር ላይ ስትቆይ

ልጁ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ ነበር ያመጣው። ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ አስፋልቱን ሸፍኖታል፤ የደሴ መኪኖች በጧቱ መብራት አብርተው ያልፋሉ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ እርስዎ ካሻሻሉት ወዲህ ኳሷ አየር ላይ ትቆያለች» አለኝ።

ያሻሻልኩት እኔው ነኝ። ታላቅ ወንድሙ ደብረ ብርሃን ይማራል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ዊንዶው 7ን መደገፍ ስላቆመ፣ የሚማርባቸው ገጾች አንድ በአንድ አልከፈት ብለውት «ዊንዶው 10 አድርግልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ጫንኩ፤ የግራፊክሱን ድራይቨር አስገባሁ፤ ክሮም መሥራቱን አይቼ መለስኩ። ጌሙን አልከፈትኩትም። ወንድሙ ስለ ጌም አላነሳልኝም፤ ትንሹ ልጅ ግን ያቺን ማሽን የሚያውቃት በእግር ኳስ ጌሙ በፔስ 2013 ብቻ ነበር።

ፔስ በሰከንድ 60 ሥዕል እየሣለ እንዲሄድ የተሠራ ጨዋታ ነው። ማሽኑ 60ውን መሣል ሲያቅተው ብዙዎቹ ጌሞች ሥዕል እየዘለሉ ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ። ፔስ ግን መዝለል ካልተፈቀደለት ጊዜውን ራሱን ያዘገየዋል፤ 30 ሥዕል ብቻ ከደረሰለት አንዱ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይሆናል። ተጫዋቹ ወንዝ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው እግሩን ይጎትታል። ኳሷ ተመትታ ትወጣና መውረድ ይከብዳታል። በማዕዘን ያለው የጨዋታ ሰዓትም አብሮ ያዘግማል።

ይህ ለጠጋኝ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላ መሣሪያ ሳልፈልግ መለካት እችላለሁ። ጨዋታውን ባለ 10 ደቂቃ አደረግሁና የስልኬን ሰዓት አስነሣሁ። የመጀመሪያው አጋማሽ በ5 ደቂቃ ገደማ ማለቅ ነበረበት። 11 ደቂቃ ፈጀ።

እዚህ ላይ በእኛ ሙያ አንድ ቃል በቀላሉ ከአፍ ይወጣል፦ «አሮጌ ናት።» እውነትም አሮጌ ናት። ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ናት፤ ይህ ዘር ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። 4 ጊጋ ራም አላት፤ ሃርድ ዲስኳ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ነው። «አሮጌ ናት፤ ኤስኤስዲ ግዙላት፤ ራም ጨምሩላት» ብዬ ብመልሳት ማንም አይወቅሰኝም። ግን ያቺው አሮጌ ማሽን ከሁለት ሳምንት በፊት በደንብ ታጫውት ነበር፤ በሁለት ሳምንት ደግሞ ማንም አያረጅም። የልጁ እናት መንገድ ዳር ቆሎ በስኒ እየሰፈረች ነው የምትሸጠው። ኤስኤስዲ ማሽኑን ቶሎ ያስነሣል፣ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል፤ ከተከፈተ በኋላ በሰከንድ የሚሣለውን ሥዕል ግን እምብዛም አይጨምርም። ለማይፈውስ መድኃኒት ያን ሁሉ ስኒ ቆሎ ማስከፈል አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ማሻሻያው የኃይል አጠቃቀሙን ወደ መካከለኛ መልሶት ስለነበር ወደ ከፍተኛ አወጣሁት፤ እንደገና ለካሁ። 12 ደቂቃ። ባሰበት።

ይህን ቁጥር ሳይ ቁጭ አልኩ። ጉልበት ስጨምርለት የሚደክም ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው? ልጁን መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅሁት። «ገና ስትከፍተው ጀምሮ ነው የሚዘገየው?»

«አይ ጋሼ፤ መጀመሪያ ደህና ነው። ትንሽ ከተጫወትኩ በኋላ ነው።»

በሽታው እዚህች መልስ ውስጥ ነበር። «ስታክ ያደርጋል» የሚለኝ ደንበኛ፣ ማለትም ቆም እያለ የሚቀጥልበት፣ ብዙ ጊዜ የሃርድ ዲስክ ወይም የራም ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣው። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ እኩል የሚንቀራፈፍበት ደግሞ ድራይቨሩ ያልገባለት ወይም ጌሙ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ነው። ደህና ጀምሮ እያደር የሚዘገይ ግን ሙቀት ነው። ሰዎች የእንግሊዝኛውን ስም ባያውቁም ያዩትን በትክክል ይናገራሉ፤ ልጁ «ኳሷ ትቆያለች» ሲለኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ቀርቦት ነበር።

የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቼ ጌሙን አስጀመርኩ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ደረሰ። ወዲያው በ2.3 ጊጋኸርትዝ ይሮጥ የነበረው ወደ 800 ሜጋኸርትዝ ወረደ። እንዳይቃጠል ራሱን መከላከሉ ነው፤ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ማርሽ እንደሚያወርድ። ከፍተኛውን ኃይል ስሰጠው ያደረግሁት ነገር ቢኖር ወደዚያ ሙቀት ቶሎ ማድረስ ነው።

ታዲያ ከማሻሻያው በፊት ለምን ደህና ነበር? ይህ ጥያቄ ብዙ ጠጋኞችን ያሳስታል፤ እኔንም አሳስቶኝ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ከተጫነ በኋላ ለቀናት ከጀርባ ሥራ አለው፤ ፋይሎቹን ይመዘግባል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፣ ማሻሻያ ያወርዳል። ፕሮሰሰሩ የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል። ያቺ ላፕቶፕ ቀድሞም ቋፍ ላይ ነበረች፤ ዊንዶው 7 ቀለል ይል ስለነበር ሙቀቷ ሳይታወቅ ኖረ። ማሻሻያው የተደበቀውን በሽታ አወጣው እንጂ አልፈጠረውም።

ደብረ ሲና ብርድ ነው፤ እዚህ ማሽን በሙቀት ይታመማል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,678 ሜትር ላይ ናት፤ አየራችን ባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብዙ ላፕቶፕ አምራቾች ማሽናቸው እንዲሠራ የሚፈቅዱት እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ ጣርማ በር ከዚያ በላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት የሚመጡልኝ ማሽኖች አቧራ ጠጥተው ነው የሚመጡት። የእኛዎቹ ግን በብርዱ ምክንያት አልጋ ላይ፣ ጋቢ መሐል ነው የሚሠሩት፤ የአየር መግቢያቸው ደግሞ ሆዳቸው ላይ ነው።

ፈታኋት። የብሎኖቹን ቦታ ወረቀት ላይ ሥዬ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጣለሁ፤ ረጅሟን ብሎን በአጭሯ ቦታ ያሰረ ሰው ቦርድ በስቶ ያውቃል። ፋኑን አንሥቼ ከኋላው ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች ስመለከት መዳብ የለም። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነጠላ የመሰለ ነገር ለብሷል። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ሳብኩት፤ ሳይበጠስ አንድ ላይ ወጣ፣ እንደ ባዘቶ። በአንድ ፊቱ የቆሎ ምጣድ ጥቀርሻ አጥቁሮታል፤ ክንፎቹ ላይ አጣብቆት የቆየው የጭሱ ቅባት ነው። ፋኑን በጣቴ ይዤ እንዳይሽከረከር እያደረግሁ አናፈስኩት፤ በነፋሻ ኃይል ከልክ በላይ የዞረ ፋን ኩሽኔታው ይጎዳል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አሻጋሪ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ እንደ ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርጌ የገብስ ፍሬ የምታህል አዲስ አደረግሁለት።

ራሙንም እግረ መንገዴን አየሁት። አንድ ባለ 4 ጊጋ ብቻውን ተሰክቷል። የዚህች ማሽን ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበደረው። ሁለት ባለ 2 ጊጋ በሁለቱ ቦታ ቢሰኩ ድምሩ ያው 4 ነው፤ መንገዱ ግን እጥፍ ይሰፋል። ከወላለቁ ማሽኖች ያስቀመጥኳቸው ሁለት ነበሩኝ፤ ጫፋቸውን በላጲስ ጠርጌ ለወጥኩለት። ግን መጀመሪያ በድሮው ራም ለክቼ ነው የለወጥኩት፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ቢለወጥ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅማ።

ከጽዳቱ በኋላ አጋማሹ 6 ደቂቃ ሆነ። ከራሙ በኋላ 5 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። ሙቀቱ ከ78 ዲግሪ አላለፈም። ሌሊቱን ሶኬት ላይ ሰክቼ አሳደርኳት፣ የጀርባ ሥራዋን እንድትጨርስ።

በማግሥቱ ልጁ ከእናቱ ጋር መጣ። ሱቁ ውስጥ ቆሞ አንድ ጨዋታ ተጫወተ፤ ኳሷ ወጣች፣ ወረደች፣ እሱም ቀና ብሎ አየኝ። ለእናቱ ያን ባዘቶ ሰጠኋት፣ ማሽኑ ውስጥ የነበረው ይኼ ነው፣ ከእንግዲህ ጣውላ ላይ እንጂ ጋቢ ላይ አይጫወት ብዬ። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ይዛ እየፈተለች አየችው።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የኔው ፈትል ነው» አለችኝ። «የዚያን ዓመት ጋቢ።»

ውጭው አሁንም ጉም ነበር። ልጁን፣ ቤት ገብተህ ከምድጃው አጠገብ ወዲያው እንዳትከፍታት፣ ብርዱ እስኪወጣላት አንድ ሰዓት ጠብቅ አልኩት።