ከመካከላችን ማን ነው?

የ2013 ዓ.ም. ገናን ያሳለፍኩት ነፋስ መውጫ ነው። የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ለብሶ የሚሄደውን ሁሉ ወደ ሻይ ቤት ያስገባዋል። እኔም ከእኅቴ ልጅ ጋር አንዱ ዘንድ ገብቼ ተቀመጥኩ። በጥጉ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰባት ወጣቶች አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተዋል። ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ድንገት አንዷ “ሬሳ አገኘሁ!” ብላ ጮኸች፤ ቤቱ በአንድ አፍታ ገበያ ሆነ።

“አንተ የት ነበርክ?”

“እኔማ ሽቦ ስቀጥል ነበር።”

“ማን አየህ?”

“ይኼ ዝም ያለው ነው ሌባው! ዝም ያለበትን ምክንያት ጠይቁልኝ!”

አሳላፊዋ ትሪዋን እንደ ያዘች ቀረች። እኔም ጠብ የተነሣ መስሎኝ ብድግ ስል የእኅቴ ልጅ እጄን ያዝ አድርጎ፣ “ኧረ ጋሼ፣ ተቀመጥ፤ ጨዋታ ነው” አለኝ።

ጨዋታው “አማንግ አስ” ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ “ከመካከላችን” እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 “ኢነርስሎዝ” የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት አወጣው፤ ለሁለት ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ ሲዘጋበት ግን ዓለምን አጥለቀለቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ የተባለችው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ወጣቶች እንዲመርጡ ለመቀስቀስ ይህንኑ ጨዋታ በቀጥታ ሥርጭት ስትጫወት በአንድ ጊዜ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ተመልክቷታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተጫዋቾቹ በአንዲት የጠፈር መርከብ ውስጥ የሚሠሩ፣ በቀለማቸው የሚለያዩ ጓዶች ናቸው። ሽቦ ይቀጥላሉ፣ ቆሻሻ ይደፋሉ፣ ነዳጅ ይሞላሉ። ከእነርሱ ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ግን አስመሳዮች ናቸው፤ የሚሠሩ መስለው እየዞሩ ብቻውን ያገኙትን ይገድላሉ። ሬሳ የተገኘ ጊዜ ሥራው ይቆምና ሁሉም ለስብሰባ ይቀመጣል። ይከራከራሉ፣ ይካካዳሉ፣ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጣሉ። ብዙ ድምፅ ያረፈበት ከመርከቧ ወጥቶ ወደ ባዶው ሰማይ ይወረወራል።

ሐሳቡ የኢነርስሎዝ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ዲሚትሪ ዳቪዶቭ የተባለ ሩሲያዊ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ክፍል “ማፍያ” የሚል ጨዋታ ፈጠረ። ሰሌዳም ጠጠርም አያስፈልገውም፤ ሰውና ምላስ ከተገኘ ይበቃል። መሠረቱ አንድ ነው፦ ጥቂቶቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ብዙኃኑ ግን ማን ማን እንደ ሆነ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድሪው ፕሎትኪን የተባለ አሜሪካዊ ሽፍቶቹን ወደ ተኩላ ሰዎች ለወጣቸውና ጨዋታው ከአገር አገር ተሻገረ።

ለመሆኑ የዚህ ጨዋታ ጣዕሙ ምን ላይ ነው? ሥዕሉ የልጆች ሥዕል ነው። ሥራ የተባለውም አሰልቺ ነው፤ ሽቦ መቀጠል ማንን ያስደስታል? ገበጣን ብንወስድ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው፤ ጠጠሩ ይታያል፣ ጉድጓዱ ይቆጠራል፣ የተሸነፈ በሒሳብ ተሸነፈ። እዚህ ግን የሚቆጠረው ጠጠር ሰው ራሱ ነው። የጓደኛህን ድምፅ፣ ያለቦታው የመጣች ሳቁን፣ ሳይጠየቅ የመለሳትን መልስ ትመዝናለህ። ዐሥር ዓመት የምታውቀው ሰው ዓይንህን እያየ ሲዋሽህ ታያለህ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን አብራችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። መዋሸት ያለ ኃጢአት፣ መጠርጠር ያለ ቂም። የጨዋታው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው። እስቴ ያደገው አያቴ ስለ አውጫጭኝ ያወጋን ነበር። በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሸዋ “አፈርሳታ” የሚለው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል። በአያቴ አነጋገር፣ በአደባባይ ስም መጥራት የፈራ “ወፍ ነገረኝ” ይል ነበር፤ ወፉ ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም። ወንጀለኛው ከታጣ ዕዳውን አገሩ ተባብሮ ይከፍላል። ስለዚህ ማንም “እኔን አያገባኝም” ብሎ አይቀመጥም ነበር። የሻይ ቤቱን ጩኸት ስሰማ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። ስብሰባው፣ መሐላው፣ ጥርጣሬው፣ ሁሉም አለ። ይባስ ብሎ ጨዋታው ድምፅ የሰጠው ማን እንደ ሆነ የሚሸሽግ ምርጫ አለው፤ ወፉ እንኳ አልቀረም!

በነገር ልውውጡ ላይም የአገሩን ወዝ አይቻለሁ። ጋይንት የቤተልሔምና የዙር አባ አገር ነው፤ አንዱ ድጓ፣ ሌላው ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት። የቅኔው ዋድላም ጎረቤት ነው። የበላ ልበልሃ ሙግትን ታሪክ ከአያቱ ያልሰማ ልጅ ጥቂት ነው። እነዚያ ወጣቶች ሲካሰሱ ቃል ይመርጣሉ፣ ባላንጣቸውን በራሱ አነጋገር ያስራሉ። ሞስኮ ላይ የተፀነሰው ጨዋታ ነፋስ መውጫ ሲደርስ እንግዳ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እስከዚህ አመሰገንኩ። አሁን ወደ ነቀፌታው ልሂድ።

በዚያ ቀን አራት ዙር ተመለከትኩ። በሦስቱ የተወረወረው ያው አንድ ልጅ ነበር፤ ቃል ከአፉ የማይወጣለት፣ ሲጠየቅ ፊቱ የሚቀላ። አንድም ጊዜ አስመሳይ አልነበረም። ጨዋታው ይህን አያርምም፤ ምላሰኛውን ይሸልማል፣ ዝምተኛውን ይቀጣል። አስመሳይ ሆኖ ያሸነፈ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ሁሉን ይጠረጥራል። “ሌባ እናት ልጇን አታምንም” የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ስጽፍ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዚያው አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ ለኳስ መግዣ ያዋጣነው 40 ብር ጠፋ። መምህሩ ለእያንዳንዳችን ቁራጭ ወረቀት ሰጥተው “የምትጠረጥሩትን ጻፉ” አሉን። ከስማዳ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ቤት ተከራይቶ፣ ደርቆሽና በርበሬ በስልቻ ይዞ የሚማር። ከማንም ጋር ብዙ አያወራም። ወረቀቱ ሲነበብ ስሙ ሃያ ሦስት ጊዜ ተጠራ። “እኔ አይደለሁም” አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሳምንቱ ስንቅ ላምጣ ብሎ ወደ አገሩ ሄደ፤ አልተመለሰም። ገንዘቡን ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ከሃያ ሦስቱ አንዱ ወረቀት የእኔ ነበር። ልጁን ጠርጥሬው አልነበረም። የኔ ስም እንዳይጻፍ ፈርቼ የእሱን ጻፍኩ።

“አማንግ አስ” አንድ ሰው ከመርከቧ በተወረወረ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር ያሳያል፦ አስመሳይ ነበር፣ ወይም አልነበረም። ይህች መስመር ስትወጣ የሻይ ቤቱ ልጆች ይስቃሉ፣ ይቆጫሉ፣ “ምን አደረግን!” ይባባላሉ። እኔ ግን ቀናሁ። ለእኔ ያቺ መስመር ወጥታልኝ አታውቅም። አውጫጭኙ ላይ የተፈረደበትም ሰው፣ ስሙ በወረቀት የተነበበውም ልጅ፣ ከኋላቸው እውነቱን የሚጽፍ ሰማይ አልነበራቸውም። ጨዋታው ከሕይወት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ገና ሰባት ወር ቆይቶ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፤ ከተማዋ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሪፖርት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲወጣ በዚያች ከተማ ሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ ዓለም ሰማ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በየከተማው መታወቂያ የሚጠይቁ ወጣቶች ሌሊት ቆሙ። “ሰርጎ ገብ” የሚለው ቃል ከሬዲዮ አልፎ የዕለት ንግግራችን ሆነ። አደጋው እውነት ነበር፤ አላስተባብልም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ሰው በአነጋገሩ፣ በዝምታው፣ በመጣበት አገር ሲመዘን ያላየ ማን ነው? ከተመዘኑት መካከል ስንቱ አስመሳይ ነበር፣ ስንቱ አልነበረም? መስመሯ አልወጣችም።

በ2015 ዓ.ም. ገና ተመልሼ ሄድኩ። ሻይ ቤቱ አለ፤ ከሰባቱ አራቱ አሉ፤ አዳዲስ ልጆች ተጨምረዋል። አንዱ በስልኩ ሆትስፖት ከፍቶላቸው ይጫወታሉ። ድሮ “ሌባው ማን ነው?” ይሉ የነበሩት አሁን “ሰርጎ ገቡ ማን ነው?” ይላሉ። ቃሉን ሲጠሩት ግን ይስቃሉ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቆይቶ ሳስበው ግን ያን የሚያህል ቃል አምጥተው በጨዋታ ላይ ማሳነሳቸው ክፉ አልመሰለኝም። ሰው የፈራውን ነገር የሚደፍረው አንዳንዴ በመጫወት ነው። ይህ ጨዋታ መጥፎ ልማድ ያስተምራል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን ጥርጣሬን ከጨዋታ ቀድመን የተማርን ሰዎች ነን እላለሁ። ጨዋታው የሚጨምርልን ብንማርበት ሌላ ነው፤ ሃያ ሦስት ሰው ተስማምቶ ሊሳሳት እንደሚችል በዓይናችን ያሳየናል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ።

ከመነሣቴ በፊት አንደኛው ልጅ ለጓደኞቹ ሐሳብ አቀረበ። “ያቺን ‘ነበር፣ አልነበረም’ የምትለዋን እናጥፋት፤ እስከ መጨረሻው ሳናውቅ ብንጫወት ይከብዳል፣ ያምራል” አላቸው። ጨዋታው ይህን ይፈቅዳል፤ መስመሯን ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የተወረወረው ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የቀሩትም ልክ ይሁኑ ይሳሳቱ ሳያውቁ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ምንም አላገባኝም ነበር። ቢሆንም ዞር ብዬ፣ “ተዉአት፣ አታጥፏት” አልኳቸው።

“ለምን ጋሼ?” አለ ልጁ።

መልስ ሳልሰጠው ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። መልሱ ይህ ጽሑፍ ነው።