«የማንነት ቀውስ» የማን ቃል ነው?

«የማንነት ቀውስ» የሚለው አነጋገር ከጁምዓ ኹጥባ እስከ ሻይ ቤት ወሬ ድረስ የማይነሳበት ቦታ የለም። ወጣቱ ፀጉሩን ቢያጎፍር፣ ሱሪው ቢጠብ «ማንነቱ ጠፍቶበታል» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እስኪ ቃሉን በዓለም ያሰራጨውን ሰው ጠጋ ብለን እንየው።

ሰውየው ኤሪክ ኤሪክሰን ይባላል። በ1902 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር ፍራንክፈርት ተወለደ። እናቱ ዴንማርካዊት አይሁድ ናት፤ አባቱ ማን እንደሆነ ግን በ1994 እስኪሞት ድረስ አላወቀም። ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ሆምበርገር የተባለ ሐኪም አገባች፤ ልጁም «የወለደህ እሱ ነው» እየተባለ አደገ። በምኩራብ ሰማያዊ ዓይኑንና ቁመቱን እያዩ እንደ ባዕድ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንደ አይሁድ ይሳለቁበት ነበር። በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ኤሪክሰን የሚለውን ስም ለራሱ አወጣ፤ «የኤሪክ ልጅ» ማለት ነው። ልብ ይበሉ! አባቱን ያጣ ሰው ራሱን የራሱ ልጅ አደረገ።

ቃሉም መጀመሪያ የተነገረው ስለ ጎረምሳ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጦርነት ያናወጣቸው ወታደሮች ሲታከሙ ነው። በኋላ በ1950ና በ1968 ባሳተማቸው መጻሕፍት ሐሳቡን ወደ ወጣትነት አዞረው። «ቀውስ» ሲልም የመታጠፊያ ወቅት ማለቱ ነበር። እኛ ያነሳነው ጥፋቱን ብቻ ነው።

ሰው ማንነቱን ብቻውን አያገኝም፣ የሚያውቁት ሰዎች ያስፈልጉታል ማለቱን እቀበላለሁ። የምነቅፈው ይህን እያስተማረ የራሱን ታሪክ መሸፋፈኑን ነው። በ1975 ማርሻል በርማን የተባለ አሜሪካዊ ሐያሲ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የአይሁድ ትውልዱን ሸሽጓል ብሎ ወቅሶታል።

እዚህ ላይ ወሎ ትዝ ይለኛል። ልጁ ሰዒድ፣ አባቱ ተፈራ፣ አያቱ ዓሊ ቢሆን ማንም አይደነግጥም። በሠርጉ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን መቼ እንደሰለመ በግልጽ ይነገረዋል። (ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልም።) የስሙ መደባለቅ ይህን ልጅ አላሳመመውም፤ ኤሪክን ያሳመመው የተደበቀበት ነው።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚወለዱ ልጆቻችን አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘገባል። ያ አያት ማን ነበር? የትኛውን መሬት አረሰ? ማን ዘንድ ቀራ? ልጁ ሲጠይቅ «ተወው፣ ረጅም ታሪክ ነው» የሚሉ አባቶች አሉ፤ እዚሁ አዲስ አበባም ሞልተዋል። ታዲያ ይህን ልጅ በጠባብ ሱሪው የምንገሥጸው በምን አፋችን ነው?