ያልታመነው ችሎት

«አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» ይላል ያገራችን ሰው። ፈረንሳዊው ፀሐፌ ተውኔት ቦማርሼ «የፊጋሮ ጋብቻ» በተባለው ኮሜዲው ከዚህ የባሰውን ያሳየናል፤ ዳኛውም ቀማኛውም አንድ ሰው ነው። ንጉሡ ለዓመታት ሲከለክለው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1784 ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ በቀረበው በዚህ ተውኔት፣ ባላባቱ አልማቪቫ የአሽከሩን የፊጋሮን እጮኛ ይመኛል። ማርሰሊን የተባለች ሴት በበኩሏ፣ ፊጋሮ የተበደረውን እንዲከፍላት፣ አለዚያም እንደ ውሉ እንዲያገባት ትከሰዋለች። ታዲያ ችሎቱን የሚመራው ማን ነው? ራሱ አልማቪቫ!

ብዙ ተመልካች በሦስተኛው ገቢር የሚስቀው በተንተባታቢው ዳኛ በብሪድዋዞን ነው። በእኔ እምነት ግን መንተባተቡ የተውኔቱ ርካሽ ቀልድ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ብሪድዋዞን ወንበሩን በገንዘብ የገዛ ሰው ነው፤ ማርሰሊን ሹመት መሸጡን ስትነቅፍ፣ እሱን ቅር የሚለው መሸጡ ሳይሆን መክፈሉ ነው። የአልማቪቫ ፍርድ ደግሞ ከውሉ አይወጣም፤ ወይ ይክፈል፣ ወይ ያግባት ይላል። ሆኖም ፍርዱን የሚያምን ተመልካች የለም፤ የዳኛውን ፍላጎት ሁሉም ያውቃልና። ትክክለኛ ፍርድና የታመነ ፍርድ የተለያዩ መሆናቸው ከዚህ በላይ አይገለጥም።

ቦማርሼ ይህን የተማረው ከራሱ ሕይወት ነው። በ1771 የሉዊ 15ኛ ሹም ሞፑ ነባሩን የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በትኖ በደሞዝተኛ ዳኞች ተካው፤ በወንበር መነገድና ከባለጉዳይ መቀበል ይቅር ተባለ። በወረቀት ሲታይ ግሩም ማሻሻያ ነበር። ሕዝቡ ግን በንጉሥ ጉልበት የተተከለ ነው ብሎ ጠረጠረው። በ1773 ቦማርሼ ጉዳዩን የያዘውን ዳኛ ጎዝማንን ለማነጋገር ሲል ለሚስቱ ስጦታ ሰጠ፤ ተረታም። ሴትየዋ ሌላውን መልሳ 15 ሉዊ የወርቅ ገንዘብ አስቀረች። እሱም ነገሩን ጽፎ ላገር ዘረገፈው። ፍርድ ቤቱ በ1774 የዜግነት መብቱን ቢገፈውም ፓሪስ አጨበጨበችለት። በዚያው ዓመት አዲሱ ንጉሥ የድሮዎቹን ዳኞች መለሰ። ማሻሻያውን የጣለው ያ 15 ሉዊ ብቻ ነው አይባልም፤ ለቆየው ጥርጣሬ ግን ማስረጃ ሆነለት። ቦማርሼም በተውኔቱ ውስጥ ዳኛውን «ጉስማን» ብሎ ሰየመው።

አብዮቱ በ1789 ወንበር መሸጥን ሻረ፤ በ1790 ዳኞች በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ። ጥርጣሬው ግን አብሮ አልተሻረም። በመስከረም 1792 የታጠቁ ሰዎች የፓሪስን ወኅኒ ቤቶች ወርረው ራሳቸው ፈራጅ ሆኑ፤ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች ተገደሉ። ቦማርሼ ራሱ ከእነዚህ ወኅኒዎች ካንዱ የተፈታው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በ1793 አብዮታዊ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ በ1794 ደግሞ በዚያ ችሎት የሚቆም ተከሳሽ ጠበቃ ተነፈገ።

ወደ ተውኔቱ ስንመለስ፣ ትልቁ ጉድለቱ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። ፊጋሮ ከፍርዱ የሚያመልጠው ከሳሹ ማርሰሊን የወለደችው እናቱ ሆና በመገኘቷ ነው። ይግባኝ የለ፣ ሌላ ዳኛ የለ፤ ያዳነው ዕድል ነው። ቦማርሼ የተበላሸ ወንበርን እንዳናምን በሚገባ አስተምሮናል፤ የሚታመን ወንበር ምን እንደሚመስል ግን አላሳየንም። አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ ይህ አይታወቅም። ከአዳራሹ ውጭ ግን ተከሳሽ ሁሉ ችሎት ላይ እናቱን አያገኝም።