ደንበኛችን «መላው ሕዝብ» ነው

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ክፉ ልማድ ይዞኝ ቀርቷል። እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እንደ ልብ ወለድ ነው የማነበው። የዕድር ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንኳ ገጸ ባሕርይ ስፈልግ እገኛለሁ። እናላችሁ፣ ድሬዳዋ በሄድኩበት ሰሞን የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አሠልጣኝ ሆኗል፣ «ጋሼ፣ እስቲ አማርኛውን እይልኝ» ብሎ አንድ ክምር የንግድ ሥራ ዕቅድ አስታቀፈኝ። («እይልኝ» ማለቱን ንቀት እንዳታደርጉት። የድሬ ልጅ ነው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም።)

አማርኛው ደህና ነው። ሰው ግን የለበትም። «ዒላማ ገበያ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ጁስ ቤቱም፣ ዶሮ አርቢውም፣ ብሎኬት አምራቹም ቃል በቃል አንድ ነገር ሞልተዋል፦ «መላው የከተማውና የአካባቢው ሕዝብ»። ይሄ ሕዝብ መልክ የለው፣ ኪስ የለው፣ ቀትር ላይ ሙቀቱን ሸሽቶ የት እንደሚገባ አይታወቅ። ተማሪ እንዲህ ያለ ዋና ገጸ ባሕርይ ጽፎ ቢያመጣልኝ ኖሮ ወረቀቱን መልሼ እሰጠው ነበር።

«ምን ያድርጉ?» አለኝ ልጁ። «ጠባብ ገበያ የጻፈውን ‹ራእይ የለህም› እያልን እኛው ነን የምንመልሰው።» የአነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጣ፣ በ2003 ዓ.ም. ተሻሻለ። ቅጹን የሚሞላው ወጣት ግን እስካሁን የሚጽፈው ሊሸጥለት ላሰበው ሰው ሳይሆን ለሚያጸድቅለት ሰው ነው። ብድሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቡድን ዋስትና ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ይከፍላሉ። አንዱ ጁስ ቤት ሲከፍት ጎረቤቱም ጁስ ቤት፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ጁስ ቤት። በስድስተኛው ወር ፍሪጁ ይሸጣል። ከፍሪጁ የሚብሰው አብረው ያደጉ ልጆች በዋስትና ተቀያይመው ሰላምታ ማቆማቸው ነው።

የሚገርመኝ፣ ድሬ ራሷ ደንበኛዋን ለይታ የተወለደች ከተማ መሆኗ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ደረሰ፣ ከተማዋም በባቡሩ ዙሪያ በቀለች። ለመንገደኛ ብርቱካንና ሳምቡሳ የሚሸጥ ሰው ስለ ገበያ ጥናት ሰምቶ አያውቅም፤ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ተሳፋሪው ምን ያህል ተርቦ እንደሚወርድ ግን ያውቃል። እርግጥ ነው፣ ጠባብ ገበያ ጠባብ ገደልም አለው። የአዲስ አበባው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲያቆም ያ ደንበኛ አብሮት ሄደ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ «አየህ! ‹መላው ሕዝብ› ይሻላል ማለት ነው» አለኝ። አይሻልም። ባቡሩን የሚጠብቅ ነጋዴ ባቡሩ የቀረ ቀን ያውቃል። «መላው ሕዝብን» የሚጠብቅ ግን ማን እንደቀረበት እንኳ አያውቅም።

ክርክራችንን እንደያዝን በማግስቱ ለሥራው ቢዮ አዋሌ ይዞኝ ወጣ፤ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ወገን ነው። («ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። እኛ የሄድንበት ቀን ግን ያየሁት አቧራ ብቻ ነበር።) እዚያ ወተት ወደ ከተማ የምታወርድ አንዲት እናት አገኘን። በሐረርጌ ኦሮሞ ሴቶች ዘንድ «ፈረቃ አነኒ» የሚባል ነገር አለ፦ እያንዳንዷ የምታገኘው ወተት ጥቂት ስለሆነ አጠራቅመው በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ ባለተራዋ ወስዳ ትሸጣለች፣ ገንዘቡም የእሷ ነው። ሴትዮዋም እንዲህ ያለ ጥምረት አላት። ተራዋ በደረሰ ቀን ያልተሸጠ ወተት ይዞ መመለስ ማለት የሳምንቱን ገቢ ማጣት ማለት ነው። ስለዚህ ለ«መላው ሕዝብ» ጊዜ የላትም።

ሻይ ቤቱ የታጠነ ዕቃ አይፈልግም፤ ጭሱ ሻዩን ያበላሽበታል። ሽማግሌው ደግሞ ያልታጠነውን «ውሃ» ይለዋል። አራስ ያለችበት ቤት ስንት ቀን እንደሆናት ትቆጥራለች። ረመዳን ሲገባ የሻይ ቤቱን ቀንሳ ለማፍጠሪያ የሚገዙትን ቤቶች ታበዛለች። አንድም ቦታ አልተጻፈም። ልጁ ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር እኔ ደግሞ አፈርኩ። ስንት ዓመት ስጽፍ «አንባቢዬ ማነው?» ብባል መልሴ ከዚያ ሣጥን የተሻለ አልነበረም።

እሷ ግን እኔን ማጥናት ጀምራ ኖሯል።

«አንተ ወተት ትጠጣለህ?» አለችኝ።

«እጠጣለሁ።»

«የታጠነ?»

«የታጠነ።»

«ድሬ የት ነው ቤትህ?»

ሆቴል ማረፌን፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ እንደምመለስ ነገርኳት። ፈገግ አለች፣ የዕቃውን ክዳን መልሳ አጠበቀችና ወደ ልጁ ዞረች፦

«አንተስ? አንተ እዚሁ ነህ አይደል?»