የኢጣልያንኛ ቅጽሎችና የቀለም አከፋፈል ሕግ

የኢጣልያንኛ ሰዋስው መጻሕፍት «ስ» በቃል መካከል ከሌላ ተነባቢ ጋራ ሲገናኝ ሁለቱም ወደሚቀጥለው ቀለም እንዲሄዱ ያዝዛሉ። በዚህ ሕግ «ትሪስቴ» (ያዘነ) የሚለው ቅጽል «ትሪ-ስቴ»፣ «ኦኔስቶ» (ሐቀኛ) የሚለውም «ኦ-ኔ-ስቶ» ተብሎ ይከፈላል። ሕጉ በመሥመር መጨረሻ ቃል ለሚቈርጥ አታሚ ይጠቅማል፤ የአነጋገሩን ጠባይ ይገልጻል ማለት ግን ስሕተት ነው። ምስክሮቹም ራሳቸው ቅጽሎቹ ናቸው።

መጀመሪያው ምስክር የአናባቢው ርዝመት ነው። የድምፅ ኀይል ያረፈበት አናባቢ፣ የቃል መጨረሻ ካልሆነ በቀር፣ ቀለሙ ክፍት ሲሆን ይረዝማል፤ ቀለሙ በተነባቢ ሲዘጋ ያጥራል። «ፒግሮ» (ሰነፍ) በሚለው ቅጽል «ፒ» መርዘሙ አከፋፈሉ «ፒ-ግሮ» ስለ ሆነ ነው። በ«ትሪስቴ» ግን አናባቢው በ«አልቶ» (ረዥም) እንዳለው ሁሉ አጭር ነው። እንግዲያስ «ስ» የፊተኛውን ቀለም ዘግቶታል።

ሁለተኛው የቅጽሎቹ መልክ መለዋወጥ ነው። «ቤሎ» (ውብ) በ«ግር» ወይም በ«ፕር» በሚጀምር ተባዕት ስም ፊት «ቤል» ይሆናል፤ በ«ስት» በሚጀምር ስም ፊት ግን «ቤሎ» እንደ ሆነ ይጸናል። እንዲሁም «ሳን ፒዬትሮ» ሲባል «ሳንቶ ስቴፋኖ» ይባላል። «ስ» ቀድሞት የሚመጣ አናባቢን ለመደገፊያ ባይሻ ኖሮ ይህ ልዩነት ምክንያት ባላገኘም ነበር።

ሦስተኛው የኀይሉ ስፍራ ሲሆን፣ ይህ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል። «ቼሌብሬ» (ዝነኛ) ኀይሉን በመጀመሪያው ቀለም ሲይዝ፣ «ኦኔስቶ»፣ «ሞዴስቶ» እና «ሮቡስቶ» ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ይይዛሉ። ነገር ግን ይህ ከላቲን የተወረሰ ስለ ሆነ ብቻውን ስለ ዛሬው አነጋገር አያስረዳም። ከዚህም በላይ ባዕድ መድረሻ ኀይሉን ያዛውራል፤ «ፋማ» (ዝና) «ፋሞሶ» ሲሆን ኀይሉ ከ«ፋ» ወደ «ሞ» ይሻገራል፤ «ስቶሪያ» (ታሪክ) «ስቶሪኮ» ሲሆን ግን በ«ስቶ» ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጽኑው ማስረጃ የርዝመቱና የመልኩ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ጽሕፈትን እንደ ንግግር መቍጠር ነው። የኢጣልያንኛ ጽሕፈት የኀይሉን ምልክት የግድ የሚያደርገው ኀይሉ በቃል መጨረሻ ሲያርፍ ነው፤ ጃን ጆርጆ ትሪሲኖ በ1524 እ.ኤ.አ. ክፍቱንና ዝጉን አናባቢ በግሪክ ፊደላት ለመለየት ያቀረበውም ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። የግዕዝን ተነሽና ወዳቂ ከመምህር አፍ የተማረ፣ «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት ቃል መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ ፊደል ድምፅን ሁሉ እንደማይሸከም አይስተውም። እንግዲህ የሰዋስው መጻሕፍቱ የአታሚውን ሕግ ከአንደበት ሕግ ለይተው ሊያስተምሩ ይገባቸዋል።