ስለ ሞና ሐቱም የቤት ዕቃዎች

ሞና ሐቱም ከፍልስጥኤማውያን ወላጆች በ1952 እ.ኤ.አ. በቤይሩት ተወለደች። በ1975 ለንደንን ለመጐብኘት ሄዳ ሳለ የሊባኖስ ጦርነት ስለ ተነሣ በዚያው ቀረች። እንግዲህ ስለ ቤት የምትሠራልን ወደ ቤቷ መመለሻ ያጣች ሴት ናት።

በ2000 ያቆመችው ሥራ ጠረጴዛ፥ ወንበር፥ አልጋና የማጀት ዕቃ በኤሌክትሪክ ሽቦ የተያያዙበት ነው። ከማጥለያው ሥር አምፑል ይደምቃል፥ ይደበዝዛል፤ የኤሌክትሪኩም ድምፅ በማጉያ ይሰማል። ተመልካች ከሽቦ አጥር ውጭ ይቆማል። ማጀት የሴት ዕረፍት ነው ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው፤ እጅ ሊነካው የሚፈራው ማጀት ነው።

በ2002 የሠራችው፥ ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው መፈቅፈቂያ ግን አንድ ጊዜ ካዩት በኋላ የሚጨምረው ነገር ያለ አይመስለኝም። ትልቅነት ብቻውን ሐሳብ አይሆንም።

እኔ የምመርጠው ከ1993 እስከ 1999 የሠራችውን ኩፊያ ነው። ወንዶች የትግል ምልክት አድርገው የሚጠመጥሙት የጥጥ ጨርቅ ጌጡ በሴት ፀጉር ተሠርቷል። ፀጉር በራስ ላይ ሲሆን ያምራል፥ ከእንጀራ ላይ ሲገኝ ያስጸይፋል፤ እዚህ ሁለቱም ስሜት ባንድነት ይመጣል። በሻሽ ይሸፈን የነበረው ፀጉር ራሱ ሻሽ ሆነ፤ ጫፉም ሳይቈረጥ ከዘርፉ አልፎ ተንጠልጥሏል።