የካትሰንኤልንቦገን ግራፎች፤ የዘር ሐረግና የቀረጥ መዝገብ

የአንድ ግዛት ታሪክ የገዥዎቹ የዘር ሐረግ ብቻ ነውን? ይህን ጥያቄ የሚያነሣብን የጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ የካርል ደማንት ሥራ ነው። ደማንት በራይን ወንዝ አካባቢ ይገዙ የነበሩትን የካትሰንኤልንቦገን ግራፎች የሚመለከቱትን ሰነዶች፥ ከ1060 እስከ 1486 ያሉትን፥ አሳጥሮ ከ1953 እስከ 1957 በአራት ቅጽ አሳትሟል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የድካሙ ታላቅነት አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ አከፋፈሉ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ደብዳቤውና ውሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ሲገኝ፥ የሒሳቡ መዝገብ ለብቻው በሦስተኛው ተቀምጧል። ስለዚህ ሁለቱን ብቻ የሚያነብ ተማሪ ጋብቻውን፥ ሙግቱንና የርስቱን ክፍፍል ይማርና፥ ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ሳይረዳ ይቀራል።

ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከራይን ቀረጥ ነው። ግራፍ ዲተር 5ኛ በ1245 ከሳንክት ጎዓር በላይ የራይንፌልስን ምሽግ ሠራ፤ በሥሩ ከሚያልፉት ጀልባዎች የሚወስደውንም ቀረጥ ከፍ አደረገ። በ1255 የራይን ከተሞች ማኅበር ምሽጉን ከበበ፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቢደክምም ሊይዘው አልቻለም።

ቤተ ሰቡ በ1260 ገደማ በሁለት ተከፈለ፤ በ1402 በጋብቻ እንደገና ተገናኘ፤ በ1479 ግራፍ ፊሊፕ ወንድ ወራሽ ሳይተው ሲሞት ጠፋ። ግዛቱ በልጁ በአና ጋብቻ ወደ ሄስ ገዥዎች ተላለፈ። የዘር ሐረግ ጸሐፊ እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። ታሪኩ ግን አላለቀም፤ ከ1500 ጀምሮ ሄስና ናሳው በውርሱ ተሟግተው የታረቁት በ1557 ነው። ማን እንደሚጠይቅ የወሰነው ዘር ነው፤ ያን ያህል ዘመን የሚያሟግት ያደረገው ግን የግዛቱ ገቢ ነው።

በደረቁ መዝገብ ውስጥ ያለውን ፍሬ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በ1435 በሩሰልስሃይም ለግራፉ አትክልት የተገዛ የወይን ችግኝ ሒሳብ፥ ሪዝሊንግ የተባለውን የወይን ዘር በስሙ ከሚጠሩት ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ይቈጠራል። የግራፎቹ ዘር ጠፋ፤ የችግኙ ስም ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።

እንግዲህ የደማንትን ሥራ የሚያነብ ተማሪ ከሦስተኛው ቅጽ ቢጀምር ይሻለዋል። በዚያ ጌታው ብቻ ሳይሆን ከፋዩም ይገኛልና።